የእትዬ ሸዋረገድ አሥራ ዘጠኝ ጠመንጃዎች

እትዬ ሸዋረገድ በሕልማቸው የሚያዩት ጠመንጃ ነው። ይህን የነገሩኝ እየሳቁ ነው፤ «ሌላው ሰው በሕልሙ የሞተ ዘመዱን ያያል፣ እኔ አፈሙዝ እቆጥራለሁ» ብለው። በሕልማቸው አፈሙዞቹ እንደ ባሕር ዛፍ ከመሬት ቀጥ ብለው ይበቅላሉ። ነፋስ ሲያልፍባቸው እያንዳንዱ የየራሱን ድምፅ ያወጣል፤ አንዱ ወፈር፣ ሌላው ቀጠን ያለ። ተኩስ የለም፣ ጥይት የለም፣ ሰውም የለም። እሳቸው ብቻ ዘይት የነካ ጨርቅ ይዘው በመካከላቸው ቀስ ብለው ይሄዳሉ።

«ደግሞ ሕልሙ ውስጥ ቀለሙ ሁሉ ጥርት ያለ ነው» አሉኝ። ለምን ይህን እንደጨመሩ ያን ጊዜ አልገባኝም ነበር።

ጀሞ ኮንዶሚኒየም ውስጥ አንድ ደረጃ ነው የምንጋራው። እኔ ሁለተኛ ፎቅ፣ እሳቸው ሦስተኛ። ውኃ በመጣ ቀን ጀሪካን ስንሞላ፣ መብራት በጠፋ ቀን ደግሞ ደረጃው ላይ ስንቀመጥ ብዙ አውርተናል። ያላገቡ፣ ልጅ የሌላቸው፣ ወደ ስድሳ የሚጠጉ ሴት ናቸው። ሥራቸው ላፍቶ ውስጥ ያለ የአንድ ጥበቃ ድርጅት የመሣሪያ ግምጃ ቤት ነው። ጠመንጃ ይሰጣሉ፣ ይቀበላሉ፣ ይፈታሉ፣ ያጸዳሉ፣ ይገጥማሉ። ጥበቃዎቹ «አሥር አለቃ» ይሏቸዋል፤ በወጣትነታቸው በሠራዊቱ የመሣሪያ ጥገና ክፍል ያገኙት ማዕረግ ነው። ሠራዊቱ ሲበተን ወደ ቤታቸው ተመልሰው ሃያ ዓመት ያህል የልብስ ስፌት መኪና ሲጠግኑ ኖሩ። «መኪናዋም ትተኩሳለች እኮ፣ መርፌ ነው እንጂ ጥይቷ» ይላሉ። ከዚያ ድርጅቱ የመሣሪያ ሰው ሲፈልግ አንድ የድሮ ባልደረባ ስማቸውን ጠራ፤ ይኸው አሥራ አራት ዓመት ሆናቸው።

ግምጃ ቤቱ ውስጥ አሥራ ዘጠኝ «ፓምፕ» አለ። ፓምፕ የሚሉት የፊተኛውን የእንጨት መያዣ ወደ ኋላ ስበው ወደ ፊት ሲገፉት ጥይት የሚጎርሰውን ጠመንጃ ነው። አፈሙዙን ማውጣት ምንም አይከብድም። ከፊት ያለችውን ክብ ክዳን መፍታት፣ መያዣውን ግማሽ መንገድ መሳብ፤ አፈሙዙ ራሱ ተንሸራቶ እጅ ላይ ይመጣል። ሌላ ማስገባትም እንደዚያው ነው።

«ክፋቱ ቀላል መሆኑ ነው» ይላሉ እትዬ ሸዋረገድ። «የሚከብድ ነገር ሰው ይጠነቀቅለታል።»

ከአሥራ ዘጠኙ አሥሩ ቀደም ብለው የተገዙ ናቸው። ዘጠኙ ከሦስት ዓመት በኋላ ከሌላ ፋብሪካ መጡ፤ ያኛው ፋብሪካ የፊተኞቹን አይቶ አስመስሎ የሠራቸው። ጎን ለጎን ቢደረደሩ የወለደቻቸው እናት አትለያቸውም። የአሮጌው አፈሙዝ አዲሱ ላይ ይገባል፣ ክዳኑም ይጠብቃል፣ ላየው ሰው ሁሉ ነገር ደህና ነው። ግን አፈሙዙ ጭራ ላይ መዝጊያው ጥርሱን የሚያስገባበት ጎድጎዳ ቦታ አለ። የሁለቱ ፋብሪካዎች ጎድጎዳ የፀጉር ያህል ይለያያል። ጥርሱ ሙሉ በሙሉ ካልገባ፣ ጥይቱ ሲፈነዳ ኃይሉ ወደ ፊት ብቻ አይሄድም። መዝጊያውን ገፍቶ ወደ ተኳሹ ፊት ይመለሳል። በመጀመሪያው ተኩስ ምንም ላይሆን ይችላል። በሁለተኛውም። እትዬ ሸዋረገድ ወጣት ሳሉ አንድ ወታደር ሦስተኛውን ሲተኩስ አይተዋል። ከዚያ በኋላ ያ ሰው ሲስቅ በግማሽ ፊቱ ነበር የሚስቀው።

ስለዚህ ጠመንጃና አፈሙዝ ከማጋባታቸው በፊት ብዙ ያጣራሉ። «አሥር አለቃ እኮ ሽማግሌ ልከው ነው የሚድሩት» እያሉ ጥበቃዎቹ ይቀልዱባቸዋል። ገና አዲሶቹ ሲመጡ ከገበያ ሁለት ጠርሙስ የጥፍር ቀለም ገዝተው ለአሮጌዎቹ አፈሙዙም የጠመንጃው ገላም ላይ ነጭ ነጥብ፣ ለአዲሶቹ ቢጫ ነጥብ አደረጉ። ነጭ ከነጭ፣ ቢጫ ከቢጫ። ከዚያ አንዲት ቀጭን ወረቀት አፈሙዙና ገላው በሚገናኙበት ስንጥቅ ውስጥ ይሞክራሉ፤ ወረቀቷ ከገባች አይሆንም። በመጨረሻ ጠመንጃውን ባዶውን ዘግተው ያዳምጣሉ። ሁለት ድምፅ አለው። ቀጭ ይላል መያዣው ሲደርስ፤ ቋ ይላል ጥርሱ ቦታውን ሲይዝ። ሁለተኛዋ ድምፅ አጭርና ጥርት ያለች ናት። «እሷን ስሰማ ሆዴ ይሞላል» ብለውኛል።

እንዲህ ነበር ሲሠሩ የኖሩት። ካለፈው ጥምቀት ወዲህ ግን ዓይናቸው ላይ ጉም መጣ።

መጀመሪያ መነጽሩ የቆሸሸ መስሏቸው ነበር። ከዚያ መስኮቱ። ከዚያ ክረምቱ ቀድሞ የገባ መሰላቸው። «ዓለም የታክሲ መስኮት ሆነችብኝ» አሉኝ፤ «ከውጭ ዝናብ የመታት፣ ከውስጥ ትንፋሽ ያደበዘዛት።» ነገሩ ሁሉ ክፉ እንዳልነበረም አልደበቁኝም። የመንገድ መብራት ሁሉ አክሊል ደፍቶ ቆመላቸው። ከኮንዶሚኒየሙ ጀርባ ያለው ተራራና ደመናው አንድ ሆነው፣ ጠዋት ጠዋት ጀሞ ባሕር ዳርቻ ላይ ያለች ከተማ መሰለቻቸው። የሰውም ፊት ተለወጠ። «ሰው ሁሉ መጨማደዱን ተወ። እንደ ልጅነታችሁ ሆናችሁልኝ።»

ለማንም አልተናገሩም። ዓይኑ የማያይ ሰው የመሣሪያ ግምጃ ቤት ቁልፍ አይያዝም፤ ይህንን ከእሳቸው በላይ የሚያውቅ የለም። ያቺን ክፍል ደግሞ ይወዷታል። የቆርቆሮ ጣራዋን፣ የናፍጣና የዘይት ሽታዋን፣ ጠዋት በበሯ ስንጥቅ የምትገባውን ቀጭን ብርሃን። እጃቸው እያንዳንዱን ቡሎን ያውቃል። በእጅ እየዳሰሱ፣ በጆሮ እየሰሙ፣ ነጥቦቹንም አፍንጫቸው ድረስ እያስጠጉ ወራቱን ገፉ። ወረቀቷን ብቻ ተዉአት። ስንጥቁን ማግኘት አቃታቸው።

አሁን ወደ ነሐሴዋ ዓርብ ልምጣ።

በየዓርቡ አራት ጠመንጃ ይጸዳል፤ የእሳቸው ደንብ ነው። የዚያን ቀን ተራው የሁለት አሮጌና የሁለት አዲስ ነበር። አራቱንም ፈትተው አፈሙዞቹን ናፍጣ ባለበት ግማሽ በርሜል ውስጥ አቆሙ። አውጥተው፣ ጠርገው፣ ነጥቦቹን ዓይናቸው ሥር እያደረጉ ገጠሙ። ልክ ማዳመጡ ላይ ሲደርሱ ዝናቡ መጣ። የነሐሴ ዝናብ በቆርቆሮ ላይ ምን እንደሚመስል የምታውቁ ታውቁታላችሁ፤ ሰው ጆሮ ላይ ቢጮኹ አይሰማም። ውጭ ደግሞ ጥበቃዎቹን ወደየቦታው የሚያደርሰው መኪና ሞተሩን አስነስቶ ቆሟል። ሥራ አስኪያጁ አቶ ሉቃስ በሩ ላይ ጃኬታቸውን ጭንቅላታቸው ላይ አድርገው ቆሙ።

«እትዬ ሸዋ፣ የለቡው ይቅደምልኝ! መንገዱ ጎርፍ ሊሆን ነው!»

«ዝናቡ ጋብ ይበል፣ አልሰማሁትም!»

«ምን አሉኝ?»

«አልሰማሁትም!»

«እኔም አልሰማሁም!» አሉ አቶ ሉቃስ፣ እጃቸውን ዘርግተው። እትዬ ሸዋረገድም ሳቁ። ሳቁና ከአራቱ አንዱን ሰጧቸው። ደምሰው የሚባለው ጥበቃ ተቀብሎ መኪናው ላይ ወጣ። የቀሩትን ሦስቱን መደርደሪያው ላይ አቆሙ፤ ቅዳሜ ሌላ ሥራ በዛባቸው፤ ሰኞ አዳምጣቸዋለሁ አሉ።

እሁድ ከሰዓት ዝናብ አልነበረም። ፀሐይ ከሁለት ደመና መሐል ወጥታ የኮንዶሚኒየሙን ግድግዳ ሁሉ ወርቅማ አደረገችው፤ እንዲህ ያለ ቀን ክረምት ላይ ሲመጣ ሰው ሁሉ ሰገነቱ ላይ ይወጣል። ከእሳቸው ፊት ለፊት የምትኖረው ራኬብ ሠርግ ልትሄድ ለብሳ ደረጃው ላይ ታየቻቸው።

«እትዬ፣ እንዴት ነኝ? እውነቱን!» አለች እየተሽከረከረች።

«አምሮብሻል! ግን ሙሽራዋ አትቀየምም?»

«ለምን?»

«ነጭ ለብሰሽ ስትሄጂ ነዋ።»

ራኬብ ሳቀች። «ኧረ እትዬ ደግሞ! ቢጫ ነው እኮ! ያውም የሚጮህ ቢጫ! ባሌ ከሩቅ ሲያየኝ ሎሚ ትመስያለሽ ብሎ ሙድ ሲይዝብኝ ነበር።»

እትዬ ሸዋረገድም አብረው ሳቁ። ራኬብ ወረደች፣ የጫማዋ ድምፅ ጠፋ፣ እሳቸው ደረጃው ላይ እንደቆሙ ቀሩ። ፀሐይዋ ግድግዳው ላይ ነበረች። ግድግዳውም ነጭ ነው፣ ቀሚሱም ነጭ ነበር፣ ሰማዩም። ሁሉም አንድ ዓይነት፣ የወተት ዓይነት ነበር።

«እዚያው ቆሜ ሁለት ጠርሙስ ነው የታየኝ» አሉኝ። «ሁለቱን የጥፍር ቀለም ጠርሙሶች። ሁለቱም አንድ ሆነው።»

ቦርሳቸውን ይዘው ወደ ላፍቶ ሄዱ። በር ላይ በንቲ የሚባለው ዘበኛ አስገባቸው። ግምጃ ቤቱን ከፈቱ፤ እሁድ ስለሆነ ክፍሉ ጸጥ ብሏል፤ አቧራው እንኳ በበሩ ብርሃን ውስጥ ቆሞ የሚያዳምጥ ይመስላል። የመጀመሪያውን አነሡ፤ ባዶ መሆኑን በጣታቸው አረጋግጠው ዘጉት። ቀጭ፣ ቋ። ሁለተኛውን። ቀጭ፣ ቋ። ሦስተኛውን ዘጉት። ቀጭ። ከዚያ አንድ ድፍን ያለ ነገር፤ ሳል ይዞት አፉን በእጁ እንደሸፈነ ሰው። ደገሙት። ያው ነው።

ከአራቱ አንዱ የሌላውን አፈሙዝ ይዟል ማለት ነው። ሁለቱ ትክክል ከሆኑ የሦስተኛው አፈሙዝ ያለው አራተኛው ላይ ነው። አራተኛው ደግሞ ለቡ፣ ደምሰው ትከሻ ላይ።

ስልክ ደወሉለት። ዝግ ነው። እንደገና ደወሉ። ዝግ ነው። አቶ ሉቃስ ጋ መደወል ነበረባቸው፤ ጣታቸው ስሙ ላይ ደርሶ ቆመ። አቶ ሉቃስ «እንዴት ተሳሳቱ?» ማለታቸው አይቀርም። መልሱ ደግሞ አንድ ብቻ ነው።

ከዚያ ያደረጉትን ሲነግሩኝ ድምፃቸው ዝቅ አለ። የሦስተኛውን አፈሙዝ ፈቱት። በሩ ጀርባ የተሰቀለውን ረጅሙን ጥቁር ጃንጥላቸውን አውርደው አፈሙዙን እጥፋቱ ውስጥ ከተቱት። ልክ ነው፤ እንደተለካለት። ለቡ ሄጄ፣ ጥበቃው ቤት ውስጥ በአምስት ደቂቃ ቀይሬ፣ የዚያኛውን አፈሙዝ በዚሁ ይዤ እመለሳለሁ፤ ማንም አያውቅም። ይህን አስበው ወደ በሩ ሄዱ።

ከዚያ ግቢ የሚወጣ ሰው ሁሉ ይፈተሻል። ሥራ አስኪያጁም ይፈተሻል። ደንቡን ያወጡት እትዬ ሸዋረገድ ናቸው። ራሳቸውም አሥራ አራት ዓመት ሙሉ ሳይፈተሹ ወጥተው አያውቁም። በንቲ ግን የእሁድ ፀሐይ ሞቆት ወንበሩ ላይ ተለጥጦ ነበር። ተነሥቶ በሩን ከፈተና፣

«ይለፉ አሥር አለቃ» አለ። «እርስዎን ደግሞ ማን ይፈትሻል? እርስዎ ራስዎ መፈተሻ ነዎት!»

በሩ ክፍት ነው። መንገዱ ይታያል፤ ታክሲዎቹ እንደ ሰማያዊ ጭጋግ እየመጡ እየሄዱ። እትዬ ሸዋረገድ ጃንጥላውን ይዘው ቆሙ።

«ምነው?» አለ በንቲ።

«የረሳሁት ነገር አለ» አሉ። ተመለሱ። አፈሙዙን አውጥተው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት፤ ጃንጥላውን ብቻ ይዘው ወጡ። በንቲንም «ፈትሸኝ!» አሉት፣ በቁጣ። ግራ ገብቶት ጃንጥላውን ገልበጥ አድርጎ አየላቸው።

«ዝናብ የለም እኮ» አለ።

«ይመጣል» አሉት።

ለቡ የሄዱበት ታክሲ ውስጥ መስኮቱ ጋ ተቀመጡ። ረዳቱ «እናት፣ ጠጋ፣ አራተኛ ሰው አለ!» እያለ ሲጮህ ከሩቅ እንደሚመጣ ድምፅ ነበር የሚሰሙት። ውጭ ያለው ሁሉ ይንሳፈፋል። ያላለቁት ሕንፃዎች በእንጨት መወጣጫ ተከበው የወፍ ቤት መሰሏቸው። አንድ ሰው ትከሻው ላይ የቤት በር ተሸክሞ ሲሄድ አዩ፣ ወይም ያዩ መሰላቸው፤ በሩ ብቻውን አየር ላይ የሚሄድ ነበር የሚመስለው። እንዲህ ለስላሳ ሆኖ የሚያልፍ ዓለም ውስጥ አንድ ጠንካራ ነገር ብቻ ነበር፤ የፀጉር ያህል ስፋት ያለው።

ደምሰው የሚጠብቀው የግንባታ ዕቃ መጋዘን ነው፤ ፌሮና ሲሚንቶ። የቆርቆሮውን በር አንኳኩ።

«ማን ነው?»

«እኔ ነኝ።»

«እኔ ማለት ስም ነው እንዴ?» አለ ደምሰው ከውስጥ። በትንሿ ቀዳዳ አይቶ ደነገጠ። «ኧረ አሥር አለቃ! በእሁድ? ልቤን ቀጥ አደረጉት እኮ! ምን አጠፋሁ?»

«ምንም አላጠፋህም። ስልክህ ለምን ተዘጋ?»

«መብራት የለም፣ ከትናንት ጀምሮ። ይግቡ ይግቡ።»

«ደምሰው፣ አውርድ።»

«ምኑን?»

«ጥይቱን አውርድ ነው የምልህ።»

ደምሰው ሃያ ስድስት ዓመቱ ነው፤ ሲቀልድ የሚውል ልጅ። የእሳቸውን ድምፅ ሰምቶ ግን ቀልዱን ዋጠው። ጠመንጃውን ከትከሻው አውርዶ ጥይቶቹን አንድ በአንድ አወጣ፤ መያዣውን ወደ ኋላ ስቦ ጣቱን ውስጡ ከተተና እንዳስተማሩት «ባዶ!» አለ። እሳቸውም ተቀብለው ጣታቸውን ከተቱና «ባዶ!» አሉ። ዘጉት።

ቀጭ። ከዚያ ያው ሳል።

«ከዓርብ ወዲህ ተኩሰህበታል?»

«አልተኮስኩም። ግን...» አለና ጭንቅላቱን አከከ። «ልዋሽዎት አልችልም፤ ትናንት ማታ አጉርሼ ነበር። አጥሩ ላይ ኮሽ አለ። ‹ቁም!› አልኩ። ፌሮው ተንጫጫ። ጣቴ ምላጩ ላይ ነበር፣ ይኸው እንዲህ። ከዚያ ድመት ሆና ወጣችልኝ! ስቄ ልሞት ነበር። ለሚስቴም ‹ከእንግዲህ በዱላ ብጠብቅ ይሻላል› እላታለሁ ብዬ...»

እትዬ ሸዋረገድ የብሎኬት ክምር ፈልገው ተቀመጡ። ከዚያ ነገሩት። ነጥቦቹን፣ ዝናቡን፣ የራኬብን ቀሚስ፣ በግማሽ ፊቱ የሚስቀውን ወታደር። ዓይናቸውንም። ከጥምቀት ወዲህ ለአንድም ሰው ያልተናገሩትን፣ ሲሚንቶ አቧራ ውስጥ ተቀምጠው ለአንድ ጥበቃ ነገሩት።

የደምሰው እጅ ሳያውቀው ወደ ጉንጩ ሄደ።

«ይኼኛው ነው?» አለ።

«በቀኝህ አይደል የምትተኩሰው?»

«አዎ።»

«እንግዲያው እሱ ነው።»

ሊስቅ ሞከረ፤ አልወጣለትም። ከመጋዘኑ ጀርባ የግንባታ ሠራተኞች መዶሻ ይሰማል፤ እሁድም የማይቆም መዶሻ።

«ስሙኝ አሥር አለቃ» አለ በመጨረሻ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «እዚህ ማንም የለም። እኔና እርስዎ ብቻ ነን። ዛሬ በዱላ አድራለሁ። ጠዋት ሳስረክብ ቁጭ ብለው ይቀይሩታል። አለቀ። እኔ አፌን እዘጋለሁ፤ ሚስቴ ትሙት!»

«ተው፣ በሚስትህ አትማል።»

«እርስዎ እኮ እንደ እናታችን ነዎት! እርስዎን ካነሡብን ማን ሊመጣ ነው? አንዱ ጠመንጃ ከዱላ የማይለይ ይመጣል።»

«እኔስ አሁን እለያለሁ?» አሉት። «የዛሬውን ትደብቅልኛለህ። የሚቀጥለውን ዓርብስ?»

ደምሰው ጥይቶቹን ኪሱ ውስጥ ከተተ።

ስልካቸውን አውጥተው አቶ ሉቃስ ጋ ደወሉ። ከወዲያ መዝሙር ይሰማል፤ ጭብጨባ፣ የልጆች ጫጫታ። አቶ ሉቃስ ከጸሎት ቤት ወደ ውጭ እየወጡ «እትዬ ሸዋ፣ ሰላም ነው?» አሉ።

«ሰላም አይደለም። ለቡ ነኝ። ለደምሰው የሰጠሁት ጠመንጃ አፈሙዙ የሱ አይደለም። እኔ ነኝ የገጠምኩት።»

«እርስዎ? እንዴት እርስዎ ይሳሳታሉ?»

ይኸው መጣ። ደምሰው ፊት ለፊታቸው ቆሞ ጭንቅላቱን ይነቀንቃል፤ አይናገሩ እያለ። ያ መነቅነቅ ለእሳቸው ጥላ ሲወዛወዝ ነው የታያቸው።

«ዓይኔ አያይም፣ አቶ ሉቃስ።»

መዝሙሩ ከስልኩ እየራቀ ሄደ።

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከጥምቀት።»

«መጣሁ» አሉ አቶ ሉቃስ፤ ስልኩ ተዘጋ።

ሲመጡ የእሁድ ሙሉ ልብሳቸውን እንደለበሱ ነበር። እትዬ ሸዋረገድ ጠመንጃውን አስያዟቸው፤ የአቶ ሉቃስን ጣት ይዘው አፈሙዙና ገላው የሚገናኙበት ላይ አደረጉት። «ከመዝሙር ደብተርዎ ወረቀት ይስጡኝ» አሉ። አቶ ሉቃስ የዳር ባዶውን ቀደዱና ራሳቸው ሞከሩ። ወረቀቱ ሰተት ብሎ ገባ። አወጡት። እንደገና ከተቱት። ወረቀቱን፣ ከዚያ ደምሰውን አዩ። ደምሰው ሰማይ ሰማይ ያያል።

«ሌሎቹስ?» አሉ አቶ ሉቃስ።

ጥያቄው ትክክል ነበር። ሰባት ወር ሙሉ በየዓርቡ አራት። የዚያን ቀን ከለቡም፣ ከጀሞም፣ ከላፍቶም አሥራ ሁለቱ ወጥተው የነበሩ ጠመንጃዎች ሁሉ ተሰበሰቡ። መኪናው እየዞረ ጠመንጃ ተቀብሎ ዱላ ሲሰጥ ዋለ። ጥበቃዎቹ «ምን ተፈጠረ? ጦርነቱ አለቀ እንዴ?» እያሉ ሳቁ። ግምጃ ቤቱ ውስጥ አቶ ሉቃስ ኮታቸውን አውልቀው ነጥቦቹን እያዩ፣ እትዬ ሸዋረገድ እየዘጉ እያዳመጡ፣ አሥራ ዘጠኙንም አዳረሱ። ነጭ ከነጭ፣ ቢጫ ከቢጫ፤ ቀጭ፣ ቋ። ከሁለቱ በቀር አንድም አልተሳሳቱም። እጃቸውና ዕድላቸው ሰባት ወር ሙሉ አብረው ሠርተው ነበር። የሁለቱንም አፈሙዝ መልሰው ገጠሙ፤ አቶ ሉቃስ ወረቀታቸውን ሞከሩ፤ አልገባም።

ሲያልቅ አቶ ሉቃስ አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻል ነበር ይላሉ እትዬ ሸዋረገድ።

«ሰባት ወር፣ እትዬ ሸዋ» ብቻ አሉ። «አንድ ቀን እንኳ አይነግሩኝም?»

እትዬ ሸዋረገድ ቁልፉን ከአንገታቸው አወጡ። ገመዱ ከጉትቻቸው ጋር ተያዘ፤ አቶ ሉቃስ ቀስ ብለው አላቀቁላቸው። ጠረጴዛው ላይ አላስቀመጡትም፤ እጃቸው ላይ ነው የሰጧቸው። ሲወጡ በንቲ ሳይጠየቅ ፈተሻቸው።

አቶ ሉቃስ ሐኪም ቤት ወስደዋቸው ነበር። የዓይን ሞራ ነው፣ ይነሣል ተብለዋል፤ ቀኑ ከመስቀል በኋላ ነው። ቁልፉ ይመለስላቸው እንደሆነ ጠየቅኋቸው። «አልጠየቅሁትም፣ እሱም አላለኝም» አሉ። ግምጃ ቤቱን አሁን አቶ ሉቃስ ራሳቸው ነው የሚይዙት፤ ጠመንጃ ሲያስረክቡ እጃቸው ይንቀጠቀጣል ብሎ አንዱ ጥበቃ አውርቶላቸዋል። እትዬ ሸዋረገድ ይህን ሲሰሙ ደስ እንዳላቸው አልካዱም። እጁ የሚንቀጠቀጥ ሰው ወረቀቱን አይተውም አሉኝ።

የዚያ እሁድ ማግስት፣ ሰኞ ጠዋት፣ ከሥራ እንደወጣ፣ ደምሰው ቤታቸው መጥቶ ነበር። ደረጃው ላይ ሲወጣ አየሁት፤ ዱላውን እንደያዘ ነው። ሁለት እንጀራ ፍርፍር በላ፤ ሌሊቱን ያቺው ድመት ተመልሳ እንደመጣችና በዱላው ሰላምታ እንደሰጣት አወራላቸው። ወሬው መሐል ላይ ድምፁ እየቀጠነ ሄደና ሶፋው ላይ እንቅልፍ ወሰደው።

እትዬ ሸዋረገድ ሳህኑን አነሡ። ከዚያ በርጩማቸውን ጎትተው ፊት ለፊቱ ተቀመጡ። የጠዋቱ ብርሃን በመጋረጃው ገብቶ ልጁ ላይ ወድቋል፤ ለእሳቸው ቡናማ ደመና ነው፣ ትንሽ የሚያንኮራፋ። አፍንጫው የት እንደሚያልቅ፣ ጉንጩ የት እንደሚጀምር መለየት አልቻሉም። ግን ፊቱ በቀኝም በግራም እኩል ነበር። ውኃ መጣ ብዬ ከታች እስክጣራ ድረስ እዚያው ተቀምጠው አዩት።